የቀኝ በኩል ጎማዎች

ከረክ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 2022

በአማን፣ በያደር ሰፈር የጎማ ቤት ባለቤት ለሆኑት ለአቶ ዙሄር

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በሚኒባስ ሹፌሩ በዓይድ በኩል የላኩት የቃል መልስ ደርሶኛል። «ሽማግሌው ነፋሱን ያስለካና ይደውልልኝ» ብለዋል አሉ። አልደውልም። ሠላሳ አንድ ዓመት ዳኛ ሆኜ ስሠራ በጽሑፍ ያልሰፈረ ነገር አምኜ አላውቅም፤ ጡረታ ወጣሁ ብዬ ልማዴን አልለውጥም። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳዎት።

ልጄ ሙዒን ከኩዌት ሆኖ የገዛልኝን ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ባለፈው ማርች እርስዎ ዘንድ አምጥቼ አራት አዲስ ጎማ አስገጥሜያለሁ። ያን ቀን ሻይ እየጋበዙኝ፣ «ክቡር ዳኛ፣ ይሄ ጎማ አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር ይወስድዎታል» ብለውኛል። ባለቤቴ ኢንሳፍ ምስክር ናት። መኪናዋ ከዚያ ወዲህ የሄደችው አሥራ ሦስት ሺህ ብቻ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ወደ አማን ስንወጣ ቀጥራና ሳንደርስ የፊት ቀኙ ጎማ ፈነዳ። ጎኑ ላይ የእንቁላል ያህል እብጠት እንደነበረው ኋላ ያየው ጎሚስታ ነገረኝ። እንደሚያውቁት ይቺ መኪና ስኮርታ የላትም። ስኮርታ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ትንሽ ፓምፕና አንድ ጠርሙስ ማጣበቂያ አስቀምጠውልናል። ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ደግሞ ማጣበቂያ ምንም አያደርግለትም። እኔና ኢንሳፍ የጭነት መኪና መጥቶ እስኪያነሳን ድረስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ለእህቷ የሠራችው የሙሉኺያ ወጥ በፀሐይ ተበላሸ። እስከ ማታ አላናገረችኝም። ማታ የተናገረችው ደግሞ በደብዳቤ የሚጻፍ አይደለም።

የምጠይቅዎ ጎማው ከፋብሪካ ሲወጣ ጉድለት እንደነበረው በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልኝ ነው። መልስዎን በዚያው በዓይድ በኩል ይላኩልኝ፤ ነገር ግን በታሸገ ፖስታ ይሁን። ዓይድ ከራሱ ይጨምራል።

ሚቅዳድ
ጡረታ የወጣ ዳኛ


አማን፣ ኦክቶበር 17 ቀን 2022

ክቡር ዳኛ ሚቅዳድ፣

ሰላምና ጤና ይስጥልኝ። ወይዘሮ ኢንሳፍንም ስለ ሙሉኺያው ይቅርታ ይጠይቁልኝ። «ሽማግሌው» አላልኩም፣ «ዳኛው» ነው ያልኩት። እውነቱን ከፈለጉ መኪና ስር ተኝቼ ስለነበር ምን እንዳልኩ ራሴም አላውቅም።

ደብዳቤ ከጻፍኩ ሃያ ዓመት ይሆነኛል። ይሄን የምጽፈው የሱቄ መስኮት ላይ ሆኜ ነው፤ ኋላዬ አራት መኪና ተሰልፏል፤ ባለቤቶቹም የፍቅር ደብዳቤ የምጽፍ መስሏቸው ይሳሳቃሉ። ግን መልስ በጽሑፍ ብለዋልና እሺ።

አርባ ሺህ ብያለሁ፣ አልክድም። ግን አብሬ የነገርኩዎት ነገር ነበር። የእርስዎ መኪና ባትሪ ብቻውን አምስት መቶ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አምስት ጎልማሳ ሰው ሁልጊዜ ጭነው የሚሄዱ ያህል ነው። ደግሞ እንደ ቤንዚን መኪና እያጓራች ሳይሆን እግርዎን ሲያስነኳት ተወርውራ ነው የምትነሳው፤ እግርዎን ሲያነሱም ራሷን ትይዛለች። ይሄ ሁሉ የሚያርፈው ጎማው ላይ ነው። ስለዚህ በየአሥር ሺው የፊቱ ወደ ኋላ፣ የኋላው ወደ ፊት ይዛወር ብያለሁ። አዛወሩት? ነፋሱስ? በሩ ውስጥ የተለጠፈችው ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር፣ ጠዋት መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ይለኩ። ከነዱ በኋላ የሚለካው ውሸት ነው።

የፈነዳውን ጎማ ይላኩልኝ። ዓይድ ጣራው ላይ ያስረዋል። ሌላው ጥያቄዬ፣ መኪናዋን ከእርስዎ ሌላ የሚነዳ ሰው አለ? የመንገድ ጠርዝስ መትታ ታውቃለች? ይሄን የምጠይቀው ሁሉንም ደንበኛ ነው።

ዙሄር


ከረክ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2022

አቶ ዙሄር፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጎማውን ልኬያለሁ። ዓይድ እንደ ሙሽራ ዕቃ በሦስት ገመድ አስሮት ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ አየ።

ለጥያቄዎ መልስ፤ መኪናዋን የምነዳው እኔ ብቻ ነኝ። ኢንሳፍ አትነዳም። አርባ ስድስት ዓመት ነድቻለሁ፤ ሰው ቀርቶ ድመት ነክቼ አላውቅም። የመንገድ ጠርዝ መትታ እንደሆነ ጠይቀውኛል። የእኛ ሰፈር መንገድ የተሠራው ለመኪና ሳይሆን ለአህያ ነው፤ ጠርዙ የማይነካው ሰው ካለ ያሳዩኝና እጁን እስማለሁ። አንድን ነገር መንካትና መምታት በሕግ ፊት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ሁሉንም ደንበኛ እጠይቃለሁ» ያሉትን ግን አላመንኩም። ሰው እንዲህ ብሎ የሚጨምረው ሁሉንም ሳይጠይቅ ሲቀር ነው።

ጎማዎቹን በአሥር ሺህ አላዛወርኳቸውም፤ በዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው። ነፋሱን ጠዋት ለክቻለሁ፤ ሦስቱ ልክ ነበሩ፣ የኋላ ቀኙ ግን ጎድሎ ተገኘ። ይህም የጎማዎን ጥራት ያሳያል።

የእርስዎን መልስ ስጠብቅ መንገድ ልቀር ስለማልችል፣ ከሰፈራችን ጎሚስታ ሁለት ጎማ ገዝቼ ከፊት አስገጥሜያለሁ። ጥቁርና ክብ ናቸው፤ ይሽከረከራሉ። ከዚህ በላይ ምን እንደሚፈለግ አላውቅም። ድምፃቸው ብቻ ትንሽ ይረብሻል፤ በአንድ ሙሌት የምንሄደውም ርቀት ቀንሷል። ኢንሳፍ አውሮፕላን ውስጥ የተቀመጠች ይመስላታል።

ሚቅዳድ


አማን፣ ኖቬምበር 10 ቀን 2022

ክቡር ዳኛ፣

ሰላም ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ቆሜ አነበብኩት፤ «ጥቁርና ክብ» የሚለው ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ።

እባክዎ ይስሙኝ። ያስገጠሟቸው ጎማዎች ለቀላል መኪና የተሠሩ ናቸው። የእያንዳንዱ ጎማ ጎን ላይ ስንት ኪሎ እንደሚችል የሚናገር ቁጥር አለ፤ የእርስዎ መኪና ከዚያ በላይ ናት። እነዚያ ጎማዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአቅማቸው በላይ ተሸክመው ነው የሚሄዱት። ጎሚስታውስ ክሪኩን የት አስገባ? መሀሏ ላይ ከሆነ ያነሳት በባትሪው ነው። ለክሪክ የተለየ ቦታ አላት፣ አራት ምልክት፣ ወረቀት ላይ ሥዕሉን ሠርቼ ነበር የሰጠሁዎት። ወረቀቱ የት እንዳለ አልጠይቅም። ሙሉኺያ የተጠቀለለበት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ፈነዳው ጎማ። ቆርጬ ውስጡን አየሁት። የፋብሪካ ጉድለት አይደለም፤ ይሄን በጽሑፍ እሰጥዎታለሁ፣ ይኸው ሰጠሁ። ውስጡ ያሉት ክሮች ከውጭ በመጣ ምት ተበጥሰዋል፤ ያም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ጎኑ ላይ ጭረት በጭረት ላይ ተደርቧል፤ ስቆጥር አሥራ ሰባት ላይ ሰለቸኝና ተውኩት። ቸርኬውም ጠርዙ ተበልቷል ብሎ ዓይድ ነግሮኛል።

ከዚህ በላይ በደብዳቤ መናገር አልፈልግም። መኪናዋን ይዘው ይምጡ፣ ያወለቁትን የፊት ግራ ጎማም ጭነው። አራቱንም እኔ እቀይራለሁ፤ አላይመንቷንም አያለሁ። ወይዘሮ ኢንሳፍም አብረው ይምጡ። ለምን ብለው አይጻፉብኝ፤ ይምጡ ብቻ።

ዙሄር


ከረክ፣ ዲሴምበር 20 ቀን 2022

አቶ ዙሄር፣

ባለፈው ሳምንት ስለሰጡን መስተንግዶ ላመሰግንዎት ይገባኝ ነበር። መኪናዋ ከእርስዎ ሱቅ ስትወጣ እንደ አዲስ ሆና ነው። መሪዋ ቀጥ ብሏል፤ ድምፁም ጠፍቷል። ይህን ሁሉ ግን በአንድ ሥራ አበላሽተውታል፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኔ ጎማዎቹ ሲፈተሹ ቆሜ ሳይ እርስዎ ባለቤቴን ወደ ጥግ ወስደው አነጋገሯት። ምን እንዳሏት ያን ጊዜ አልሰማሁም። ስንመለስ ቀጥራና እስክንደርስ የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ ስታይ ነበር። ከዚያ፣ «ሚቅዳድ፣ ዓይንህን ለሐኪም አሳይ» አለችኝ። «ማን አለሽ?» ስላት፣ «ጎማ የሚቀይረው ሰው» አለች። አርባ አንድ ዓመት በትዳር ኖረን፣ ስለ ዓይኔ የሚነግረን ጎማ የሚቀይር ሰው ሆነ።

ሻዩን በቀኝ በኩል ያቀረቡልኝ ሆን ብለው እንደነበር አሁን ገብቶኛል። ብርጭቆውን በክንዴ ስመታው «ምንም አይደለም» ብለው ሲስቁ የዋህ ሰው መስለውኝ ነበር። እየፈተኑኝ ነበር። ያለ ፈቃዴ፣ በገዛ ባለቤቴ ፊት።

ዓይኔ ጤነኛ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያለ መነጽር ነው፤ መስመሬ ቀጥ ማለቱን ራስዎ ማየት ይችላሉ። ጋዜጣ አነባለሁ። ከሰገነቴ ሆኜ የሙት ባሕርን አያለሁ። ሰው ፊቱ ያለውን ሁሉ ካየ ሌላ ምን እንዲያይ ይፈለጋል?

አሁን ኢንሳፍ መኪና ውስጥ ስትገባ ከኋላ ነው የምትቀመጠው፤ ከፊት ፀሐይ ይመታኛል ትላለች። በታኅሣሥ ብርድ። ይህን ያመጡት እርስዎ ነዎት። ማብራሪያ እጠብቃለሁ።

ሚቅዳድ


አማን፣ ዲሴምበር 29 ቀን 2022

ክቡር ዳኛ፣

ይቅርታ ይደረግልኝ። ወይዘሮ ኢንሳፍን ወደ ጥግ መውሰዴ ነውር ነው። ሻዩም ነውር ነው። በሁለቱም ጥፋተኛ ነኝ፤ ይፍረዱብኝ። ነገር ግን ፊት ለፊት ልነግርዎት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አቃተኝ። እርስዎ በሩ ላይ እንደዚያ ቆመው፣ ካባዎን ለብሰው፣ ማን ይደፍራል?

አሁን ልጻፈው። የግራ በኩል ሁለቱ ጎማዎችዎ ጎናቸው አንድ ጭረት የለውም። ንጹሕ ነው። የቀኝ በኩል ሁለቱ ከታች እስከ ላይ ተፍቀዋል። የቀኙ ስፖኪዮ ዳር ላይ የሌላ መኪና ቀለም አለ፣ ሰማያዊ። የቀኙ ፓራፋንጎ ላይ ደግሞ የግድግዳ ኖራ። መንገዱ ጠባብ ቢሆን ኖሮ ግራውም ትንሽ ይነካ ነበር። ስለ አህያ መንገድዎ የጻፉትን አንብቤያለሁ፤ አህያዋ ሁልጊዜ በቀኝ ብቻ አትሄድም።

ክቡር ዳኛ፣ ቀኝዎን አያዩም። ፊት ለፊት ያለው ሁሉ ስለሚታይዎት የጎደለ ነገር ያለ አይመስልዎትም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ጎማ ግን ሠላሳ ዓመት አይቻለሁ።

ለምን በዚህ ነገር ሙጭጭ እንደምል ልንገርዎት። ከአምስት ዓመት በፊት ከማደባ የሚመጣ አንድ መምህር ደንበኛ ነበረኝ። ጨዋ ሰው፣ ሁልጊዜ ቴምር ይዞ ነበር የሚመጣው። በሁለት ዓመት ውስጥ የቀኝ ጎማውን አራት ጊዜ ቀየርኩለት። በሦስተኛው ጊዜ ገባኝ። ዝም አልኩ። ደንበኛዬ ነው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ምን አገባኝ አልኩ። አንድ ቀን ልጁ መጣ። ሦስት ጎማ ይዞ መጥቶ፣ «ገና አዲስ ናቸው፣ ትገዛቸዋለህ?» አለኝ። አራተኛው የት ሄደ ብዬ አልጠየቅኩትም። ሦስቱንም ገዛኋቸው። እስካሁን ከመጋዘኔ ጀርባ አሉ፤ አልሸጥኳቸውም፣ አልጣልኳቸውም።

ስለዚህ ለእርስዎ ከዛሬ ጀምሮ ጎማ አልሸጥም። ዓይንዎን ያሳዩና ሐኪሙ ምንም የለም ካለ፣ ሱቄ በር ላይ ቆሜ ሰው ሁሉ እየሰማ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

ዙሄር


ከረክ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 2023

አቶ ዙሄር፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ መምህሩ አዝኛለሁ። እኔ ግን እሳቸው አይደለሁም፤ የእርስዎን ጸጸት የመሸከም ግዴታም የለብኝም። ጎማ ሻጭ ጎማ ይሸጣል። ከዚህ በኋላ እንዳይጽፉልኝ እጠይቃለሁ።

ሚቅዳድ


አማን፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2023

ክቡር ዳኛ፣

እንዳልጽፍ ጠይቀዋል፤ እየጻፍኩ ነው። ተናደው ሲቀዱት ይታየኛል፤ ከመቅደድዎ በፊት ግን እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

ከረክ በረዶ ጥሏል አሉ። ሲበርድ የጎማ ነፋስ ይጎድላል፤ ጠዋት ለክተው ይሙሉ። በረዶ ላይ ስትነሳ እግርዎን ቀስ ያድርጉ፤ ይቺ መኪና ጉልበቷን ሁሉ ባንዴ ነው የምትሰጠው። የሚያስፈልግዎ ግን ሌላ ምክር ነበር፤ ሰጥቻለሁ፣ አልተቀበሉም።

አሁንም እንደሚነዱ ዓይድ ይነግረኛል። ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ተራ አጠገብ ሚኒባሱን በአንድ ጣት ያህል ርቀት አልፈውት ሄዱ አለኝ፤ ጡሩንባ ሲነፋብዎ እጅዎን አውጥተው ሰላም አሉት። ወዳጅ መስሎዎት ነው።

አንድ ነገር አድርጌያለሁ፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙ። የእርስዎ መኪና የጎማ ልክ በደቡብ በኩል የሚሸጠው ከእኔ መጋዘን ወጥቶ ነው። ከረክም፣ ጠፊላም፣ መዓንም ላሉት ነጋዴዎች ደውዬ ለነጯ መኪና ቀኝ ጎማ እንዳይሸጡ ነግሬያለሁ። አዎ፣ መብት የለኝም። ይክሰሱኝ። ክሱን በጽሑፍ እንደሚያቀርቡት አውቃለሁ፤ ቢያንስ እሱን ለመጻፍ ሲቀመጡ አይነዱም።

ዓይድ ሐሙስ ሐሙስ ከበራችሁ ድረስ መጥቶ ሊወስዳችሁ እሺ ብሏል። የፊቱን ወንበር ይይዝልዎታል።

ዙሄር


ከረክ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 2023

ወንድሜ ዙሄር፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ ረመዳኑ የተባረከ ይሁንልዎ። ለፌብሩዋሪ ደብዳቤዎ መልስ አልሰጠሁም። አልቀደድኩትም። ይህን ደብዳቤ ስድስት ጊዜ ጀምሬያለሁ፤ አሁን የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል እጽፋለሁ፤ ሌላ የምችለው መንገድ የለም።

በረመዳን አሥራ አንደኛው ቀን፣ ከኢፍጣር በፊት፣ ኢንሳፍን የረመዳኑ ጣፋጭ፣ ቀጣይፍ፣ አማራትና ላመጣ ወጣሁ። ገዝቼ ስመለስ ከጥንቱ ምሽግ ፍርስራሽ በታች ባለው ቁልቁለት በቀኝ በኩል አንድ ነገር ነካሁ። የመንገዱ ጠርዝ ነው ብዬ አሰብኩ። አልቆምኩም። ቤት ገባሁ፣ አዛን ተባለ፣ ቴምር በላን። የምስር ሾርባውን ስጠጣ በሩ ተንኳኳ።

ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው፣ «ጌታው፣ ወንድሜን ገጭተህ ሄደሃል» አለኝ። ወንድሙ ሺብሊ ይባላል፤ ለጋ የዛፍ ለውዝ በጋሪ የሚሸጥ ነው። ጋሪውን ነው የመታሁት፤ ጋሪው እሱን ግድግዳ ላይ ጣለው። ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ለውዙ ቁልቁለቱን ሙሉ ተንከባሎ ሰው እየለቀመለት ነበር፤ እኔ ያን ጊዜ ቴምር እየበላሁ ነበር።

«አላየሁትም» አልኩ።

ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣው ማንነቴን ረሳሁ። ዙሄር፣ ገጭቶ በመሄድ ስንት ሰው ፊቴ እንደቆመ ያውቃሉ? ሁሉም «ጌታዬ፣ አላየሁትም» ይሉ ነበር። ሁሉም። እኔም «ሰውን የሚያህል ነገር እንዴት አይታይም?» ብዬ እጠይቅ ነበር። ይህን የምለው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው፤ ጸሐፊዎቹ ይወዱልኝ ነበር። ከዚያ እፈርድ ነበር። የበሩ ሰውዬም በዚያው ዓይን አየኝ። እንዳላመነኝ ከፊቱ አነበብኩ፤ ያ ፊት የእኔ ነበር።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን በገዛ እጄ ጽፌ ሰጠሁ፤ መንጃ ፈቃዴንም ከላዩ አስቀመጥኩት። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ለዕርቅ ጃሃ ሆነው ከእኔ ጋር ሺብሊ ቤት ሄዱ። ቡናው ቀርቦ ማንም ሳይነካው፣ እንደ ደንቡ፣ ይቅርታ ጠየቅን። ሺብሊ በፋሻ የታሰረ ክንዱን ጭኑ ላይ አድርጎ ስኒዎቹን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ፣ «ጠጡ» አለ፤ ይቅርታውን ተቀበለ ማለት ነው። እናቱ ግን በበሩ በኩል፣ «አንድ ክንድ ርቀት ቢቀርብ ልጄን እየቀበርኩ ነበር» አለች። 

አማን ዓይኔን ያየው ሐኪም የዓይን ግፊት ነው ብሎኛል። በቀኝ ዓይኔ ዳር ዳሩ የለም፤ ግራውም ጀምሮታል። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን። «ምንም አላስታወቀዎትም?» አለኝ። ሰው ነግሮኝ ነበር አልኩት።

ሐኪሙ ቤት የሄድኩት በዓይድ ሚኒባስ ነው። ስንመለስ በሱቅዎ በር አለፍን። ጎማ እያንከባለሉ አይቼዎታለሁ። ዓይድ፣ «ላቁም?» አለኝ። አታቁም አልኩት። አፍሬ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ስለዚያም፣ ስለ ሌላውም ሁሉ።

ሚቅዳድ


አማን፣ ኤፕሪል 24 ቀን 2023

አቡ ሙዒን፣

ዒድ ሙባረክ። ከዛሬ ጀምሮ ክቡር ዳኛ ሳይሆን የሙዒን አባት ነው የምልዎት፤ ወንድሜ ብለውኛልና።

ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ደብዳቤውን ሳነብ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ልክ ነበርኩ ማለት ነውና። ምንም ደስ አላለኝም። ሱቁን ዘግቼ ቤቴ ሄድኩ።

የሺብሊ ክንድ እንዴት ሆነ? ጋሪውን የሚጠግንለት ካጣ ወደዚህ ይላኩት፤ ትናንሽ ጎማም አለኝ።

መኪናዋን ምን አደረጓት? ለረጅም ጊዜ ከቆመች ጎማው ባረፈበት በኩል ይጎዳል፤ ስትነዳ ትንቀጠቀጣለች። ማንም ይሁን ማን በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ያንቀሳቅሳት። ልትሸጧት ነው?

ሌላም አለ። ስለ እነዚያ «አላየሁትም» ስላሉት ሰዎች የጻፉት ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። ምን ሊያደርጉ አስበዋል? ወይስ ምንም ማድረግ አይቻልም? ደፍሬ ከሆነ ዝም ይበሉኝ፤ ዝምታዎን ለምጄዋለሁ።

ዙሄር


ከረክ፣ ጁን 20 ቀን 2023

ወንድሜ ዙሄር፣

ሰላም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ። የሺብሊ ክንድ ድኗል፤ በላኩለት ጎማ በተጠገነው ጋሪ ላይ አሁን ሚሽሚሽ ይሸጣል፤ ለእኛ ሲመዝን አንድ ፍሬ አይጨምርም። ትክክል ነው።

መኪናዋን አልሸጥናትም። ኢንሳፍ ነው የምትነዳት። አዎ፣ ኢንሳፍ፣ በስድሳ አራት ዓመቷ፣ ፈተናውን ሦስተኛ ጊዜዋ ላይ አልፋ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ ጎማው ላይ ሳታርፍ ተነስታ ነፋሱን ራሷ ትለካለች፤ የሰጡኝን የክሪክ ሥዕልም ከመሳቢያዬ አውጥታ ኩሽና ውስጥ ለጥፋዋለች። ለጎማ ግን ምሕረት የላትም። መብራት አረንጓዴ ሲሆን ከጎናችን የቆመውን ሁሉ ትታ ትወረወራለች። «ጎማው ያልቃል፣ ቀስ በይ» ስላት፣ «አርባ ዓመት ሙሉ ካንተ ጎን ቀስ ብዬ ተቀምጫለሁ» ትለኛለች። የፊቶቹ ጥርሳቸው አልቋል፤ በሁለቱም በኩል እኩል ነው፣ አይጨነቁ።

ምን ሊያደርጉ ነው ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ከድሮ ማስታወሻዎቼ ውስጥ «አላየሁትም» እያሉኝ የፈረድኩባቸውን የሰባት ሰዎች ስም ጻፍኩ። የመጀመሪያው ጠፊላ የሚኖረው ዑቅላ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት መንገድ ዳር የቆመ ሰው ገጭቶ ሄዷል፤ ሰውየው ሞተ። «አላየሁትም» አለ፤ ሦስት ዓመት ፈረድኩበት። ባለፈው ቅዳሜ ኢንሳፍ ወሰደችኝ። ዑቅላ አርጅቷል፤ በር ከፍቶ ሲያየኝ ወዲያው አወቀኝ። አስገባን፣ አስቀመጠን። የመጣሁበትን ነገርኩት። ዓይኔን ነገርኩት፣ ሺብሊን ነገርኩት፣ «ያን ጊዜ አላመንኩህም፤ ምናልባት በድዬሃለሁ፤ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አልኩት።

ዑቅላ እጁን ሲያሻሽ ቆየ። ሚስቱን፣ «እስቲ ዳቦ አምጪልን» ብሎ ከክፍሉ አስወጣት። ከዚያ፣ «አይቼው ነበር» አለኝ።

የሰማሁ አልመሰለኝም። «ምን አልክ?»

«አይቼው ነበር፣ ጌታዬ። ቢጫ ሸሚዝ ነበር የለበሰው። ፈርቼ ነው የሄድኩት። ያኔ ያላመኑኝ እርስዎ ብቻ ነበሩ፤ ሚስቴም እናቴም አምነውኛል።»

እንዴት እንደተናደድኩ ልነግርዎት አልችልም። በማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም። ሁለት ወር እንቅልፍ አጥቼ፣ በራሴ ላይ ፈርጄ፣ ይቅርታ ተሸክሜ ጠፊላ ድረስ ሄጄ፣ ልክ ነበርክ ተባልኩ። ተነስቼ ልወጣ ነበር። ኢንሳፍ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። ዑቅላ ሲያለቅስ እሷ ነበረች ያየችው፤ በቀኜ በኩል ተቀምጦ ነበር።

ሟቹ የመዓን ሰው ነበር። ልጆቹ እዚያው አሉ። ዑቅላ ሦስት ዓመት ታስሯል፣ ካሳም ከፍሏል፤ ነገር ግን ፊታቸው ቆሞ «አይቼው ነበር» ብሎ አያውቅም። «ብቻዬን አልችልም፤ እርስዎ ይዘውኝ ከሄዱ ግን እሄዳለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት። ሌሎቹ ስድስቱ ይቆዩ፤ የማን እውነት የማን ውሸት እንደነበር አሁን ጨርሶ አላውቅም።

ስለዚህ ሁለት የፊት ጎማ በዓይድ ይላኩልን፣ እስከ ረቡዕ ማታ። ቀኙንም ጭምር፤ አሁን መሸጥ ይችላሉ። ሐሙስ ጠዋት እንነሳለን። ኢንሳፍ ትነዳለች፣ እኔ ከጎኗ፣ ዑቅላ ከኋላ። ለልጆቹ ምን ብሎ እንደሚጀምር ትናንት ደውዬ ጠየቅኩት። አላውቅም አለኝ። ከቢጫው ሸሚዝ ጀምር አልኩት።

ሚቅዳድ